የከሰዓት በኋላ ናሙናዎች

ስልኩ ሲጮህ መርማሪዋ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ታላቅ ወንድሟ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥለት ነበር። ወንድሟ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ በቀለም ሲነክር የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህም ጥፍሮቹ እንደጠቆሩ ቀርተዋል። ሐኪሞቹ እንደሚሉት ያ ቀለም ጥፍሩ ላይ አልቆመም፤ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሽንት ፊኛው ላይ ካንሰር አብቅሏል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፊኛው ተቆርጦ ሊወጣ ቀጠሮ ተይዞለታል።

«ጋሼ፣ ሥራ ነው» አለችው ስልኩን እያየች።

«ሂጂ እንጂ ሚጢ፣ እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ» አለና ሳቀ። «ደግሞ ከነገ በኋላ ሽንት ቤት ፍለጋ መሯሯጥ ቀረልኝ። ሽንት ቤቴን ጎኔ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምዞረው!»

መሳቅ አቃታት። ይህ ሰው አባታቸው ሲሞት እሷን በጫንቃው ተሸክሞ ያሳደገ ነው፤ ዛሬ ፈርቶ እየቀለደ መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ስልኩን አነሣች።

«የት ነሽ?» አሏት አለቃዋ።

«ሆስፒታል፣ ወንድሜ ጋ።»

«እንግዲያው ደረጃውን መውረድ ነው። የሞተው ሰው እግርሽ ሥር ነው ያለው፤ ምድር ቤት።»

የምድር ቤቱን የብረት በር የከፈቱላት ሸምገል ያሉ ዘበኛ ናቸው። አንድ እጃቸው ካፖርታቸው ሥር ገብቶ ቀኝ ጎናቸውን ደግፏል።

«ቀስ ብለሽ ልጄ፣ ደረጃው ያዳልጣል» አሏት።

«አባቴ፣ ጎንዎን ያምዎታል እንዴ?»

«ኧረ አያመኝም! ከረጢቷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ፊኛዬን አወጡልኝና ሽንቴ በዚች ነው የሚጠራቀመው። መጀመሪያ ላይ አፍሬባት ነበር፣ ሚስቴ አጠገብ መተኛት ሁሉ ትቼ ነበር። ግን ነፍስ ይበልጣል። ምርመራው ካንሰሩ ክፉ ነው ስላለ ነው ቶሎ የቆረጡኝ።» ወደ ውስጥ በአገጫቸው ጠቆሙ። «እኚህ የሞቱት ፕሮፌሰር ናቸው ያተረፉኝ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ እዚህ በር ላይ የምቆመው ለደመወዝ ብቻ እንዳይመስልሽ።»

«ዛሬ ከውጭ የገባ ሰው አለ?»

«ዝንብም አልገባችም። እኩለ ቀን ላይ እዚህ የነበሩት ሦስት ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ተንታኝና ናሙና የምትጠብቀዋ፣ እትዬ በረዶ የምንላት። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት፣ ስምንት ሰዓት ላይ።»

ፕሮፌሰሩ የወደቁበት ክፍል ጠባብ ነው። ወገብ የሚደርሱ አራት ታንኮች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። የሆስፒታሉ ቴክኒሻን ስለ ክፍሉ አስረዳት። ታንኮቹ ውስጥ ያለው በጣም ቀዝቃዛ የናይትሮጅን ፈሳሽ ነው፤ ከታማሚዎች የተቆረጡ ዕጢዎች በትናንሽ ብልቃጦች ሆነው እዚያ ይቀመጣሉ። ፈሳሹ ወለል ላይ ከፈሰሰ ነጭ ጉም ይሆንና አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ሰው ሁለቴ ተንፍሶ ሦስተኛውን ሳይደግም ይወድቃል።

«ጉሙን አይተው አይሸሹም?»

«ታንኮቹ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ነው የሚሞሉት፤ ጉሙን ለምደውታል። የሚያድነው ማራገቢያውና የአየር ማስጠንቀቂያው ነው። ሁለቱም በአንድ ማብሪያ ነው የሚሠሩት። የፈሳሹ መክፈቻም ማብሪያውም ከበሩ ውጭ ናቸው።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ቁልፍ ተጫነ። «ይኸው መዝግቦታል። ከስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት እስከ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ መልሰው አብርተውታል።»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የፕሮፌሰሩ ግራ እጅ ወፍራም የብርድ ጓንት አጥልቋል። የቀኙ ጓንት ደረታቸው ሥር ተጨፍልቋል። ቀኝ እጃቸው ባዶውን ግን አልነበረም፤ አጉሊ መነጽር ጨብጧል። ጠረጴዛውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ አየች። አጉልተው የሚያዩት አንድም ነገር የለም። ታንኮቹ ሁሉ ተከድነዋል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው መዝገብ በፕሮፌሰሩ እጅ «ሁለተኛው ታንክ ተከፈተ፣ 6፡10» ተብሎ ተጽፏል። የተዘጋበት ሰዓት አልተጻፈም።

«ወይ ጉድ» አለች በሹክሹክታ። «ለመግደል ውጭ መቆም ይበቃ ነበር። ታዲያ ለምን ገባ?»

ከሟቹ የጋዋን ኪስ አንድ ወረቀት አወጣች። በእርሳስ ሁለት ረድፍ ተሠርቶበታል። በአንዱ ራስጌ «ጠዋት»፣ በሌላው «ከሰዓት በኋላ» ይላል፤ ከሥር ቁጥሮች ተደርድረዋል። የጠዋቶቹ ሠላሳና አርባ፣ የከሰዓቶቹ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ፣ ዘጠና ናቸው። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሰማንያ ሁለት ነው። ሰማንያ ሁለት የወንድሟ የምርመራ ነጥብ ነው።

ተንታኙ ጥፍሩን የሚበላ፣ ሸሚዙን አዛንፎ የቆለፈ ጎልማሳ ነው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ይህን ምርመራችሁን እንደ ሰው አስረዳኝ።»

«ሰውነት ሲቆስል ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል አይደል? እሱ ብግነት ይባላል። ብግነትን የሚቀሰቅሱ ዘረ መሎች አሉ። ዕጢው ውስጥ እነሱ ምን ያህል እንደሚሠሩ እንለካና ከመቶ ነጥብ እንሰጣለን። ከሰባ በላይ ከሆነ ካንሰሩ ወደ ጡንቻው የሚገባ ክፉ ነው እንላለን፤ ሳይዘገይ ፊኛው ይወጣል። ከሰባ በታች ከሆነ ዕጢው ብቻ ተፍቆ ሰውየው በክትትል ይቆያል።»

«ስሌቱ የማነው?»

«የእኔ» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ምርመራው የሚጠራውም በስሜ ነው።»

ወረቀቱን ዘረጋችለት። አየው፣ ደገመው፣ ቆሌው ተገፈፈ።

«የጠዋቱ ሁሉ ዝቅ፣ የከሰዓቱ ሁሉ ከፍ? ኧረ በሕግ አምላክ! ካንሰር ሰዓት አያይም እኮ!»

«ታዲያ ሰዓት የሚያየው ምንድነው?»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። «ተቆርጦ የወጣው ሥጋ» አለ። «ከሰውነት ሲለይ ወዲያው አይሞትም። ደም ሲቋረጥበት ‹ተጎዳሁ› ብሎ ይጮኻል፤ የሚጮኸውም በእነዚሁ የብግነት ዘረ መሎች ነው። ለዚህ ነው በሃያ ደቂቃ ውስጥ መቀዝቀዝ ያለበት። ሳይቀዘቅዝ ከቆየ እኛ የምንለካው የካንሰሩን ክፋት ሳይሆን የቆየበትን ሰዓት ነው ማለት ነው። ግን ከናሙናው ጋር የሚመጣው ፎርም ሁሉ ሃያ ደቂቃ ነው የሚለው! አሥራ ስምንት፣ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ። እኔ ያመንኩት ፎርሙን ነው።»

«እኩለ ቀን ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ምስክሬ ይህ ኮምፒውተር ነው።»

ቀዶ ሐኪሙን ያገኘችው የእጅ መታጠቢያው ጋ ነው። ረዣዥም ጣቶቹን አንድ በአንድ እየታጠበ ዞር ብሎም አላያትም።

«ነገ ጠዋት ወንድምሽን የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ከሆነ እንቅልፌን ባትነሺኝ ለሱም ጥሩ ነው።»

ነገ ቢላ የሚይዘው እጅ ዛሬ መክፈቻውን ያዞረው እጅ ቢሆንስ? ድምጿ ግን አልተናወጠም።

«ዕጢ ከቆረጡ በኋላ የት ያስቀምጡታል?»

«መስኮቱ ጋ፣ ሳህን ላይ። ጠዋት አንድ ሰው ብቻ ስለምሠራ እትዬ በረዶ ወዲያው መጥታ ትወስደዋለች። ከሰዓት በኋላ ግን ሦስት ሰው በተከታታይ ነው። ሦስቱም ሳያልቁ በሩ አይከፈትም፣ ጀርም ይገባል። ስለዚህ ይጠብቃላ!»

«ስንት ሰዓት ይጠብቃል?»

«እስኪያልቅ!»

«ፎርሙ ግን ሃያ ደቂቃ ይላል። የእርስዎም ፊርማ አለበት።»

እጁን ማድረቅ አቆመ። «ፊርማ ፊርማ ነው። በቀን አርባ ወረቀት እፈርማለሁ፤ ማን ያነበዋል? የምትሞላው እሷ ናት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ ልትይኝ ከሆነ፣ ማረፊያ ክፍል ጋደም ብዬ ነበር። ብቻዬን።»

የእትዬ በረዶ ክፍል ከቀዝቃዛው ክፍል ጎን ነው። እርሳሶቿ እኩል ተቀርጸው ተደርድረዋል፤ መዝገቦቿ ጥግ ለጥግ ገጥመዋል። ራሷ ሃምሳ አምስት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት፤ ሁለት እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከታ ቆማለች።

«ስንት ዓመትዎ ነው እዚህ?»

«አሥራ ሁለት። ከመጀመሪያዋ ብልቃጥ ጀምሮ ነኝ ልጄ። አንድ ቁጥር አናጢ ነበሩ። ሁለት ቁጥር የሦስት ልጆች እናት። ሌሎቹ ቁጥር ነው የሚያዩት፤ እኔ ግን ሰዎቹን ነው የማውቀው።»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ?»

«ምሳ ላይ ነበርኩ፣ እዚሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ስገባ ወድቀው አገኘኋቸው፤ ዓይኔ ነው ያየው!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እንባዋን ግን አልጠረገችም።

መርማሪዋ ውሃ ቀድታ ዘረጋችላት። «ጠረጴዛው ላይ አኑሪልኝ» አለች እትዬ በረዶ። ቃሏን ስትፈርምም እስክሪብቶውን ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን በጭብጧ ነው የያዘችው። የጣቶቿ ጫፍ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነው ነው?»

«የሻይ ውሃ ተደፍቶብኝ።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቅንቃ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ አለቃዋ ጋ ደወለች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልናገር። የወንድሜ ነገር እዚህ ጉዳይ ውስጥ አለበት። ናሙናውን የሰጠው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ከምሳ በኋላ። ኮሪደር ላይ ሆኜ እየጠበቅኩት ስለነበር አስታውሳለሁ።»

አለቃዋ ተነፈሱ። «እስከ አንድ ሰዓት ካልጨረስሽ ሌላ ሰው እልካለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እንዳትቸኩዪ ደግሞ።»

«ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው» አለች። ከዚያ ቴክኒሻኑን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም የእትዬ በረዶ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዘበኛው ጎናቸውን ደግፈው በሩ ጋ ቆሙ። ጠረጴዛው መሐል ሃያ ብልቃጥ የያዘ የብረት መደርደሪያ አለ፤ ቴክኒሻኑ ገና አሁን ከታንክ አውጥቶ ያስቀመጠው ነው። ነጭ ጉም እየወጣበት ነው።

«ማስረጃ ስለሆነ ነው ያስወጣሁት» አለች መርማሪዋ። ተረጋግታ ወንበሯን አመቻቸች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ማስታወሻዋን ገለጠች። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። ከአያያዙ ልጀምር። ሟቹ ሲወድቁ አጉሊ መነጽር ይዘው ነበር። አጉሊ መነጽር የያዘ ሰው የሚያየው ነገር አለው። እሳቸው የሚያዩት ግን ጠፍቷል። ታንኩን ስድስት ከአሥር ላይ ከፍተዋል፤ የተዘጋበትን አልጻፉም። ስለዚህ ሲሞቱ ታንኩ ክፍት፣ ብልቃጦቹም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።»

ቀዶ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ተንታኙ ጥፍሩን በላ። እትዬ በረዶ ግን መርማሪዋን አልሰማቻትም፤ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ተተክሏል። ጉሙ እየሳሳ ነው።

«ሁለተኛው ነገር» አለች መርማሪዋ፣ አንድ ቅጠል ገልጣ ቆም አለች፤ ውሃ ጠጣች። «ገዳዩ መግባት አያስፈልገውም ነበር። መክፈቻውና ማብሪያው ውጭ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ያገኙት ጉድ እንዲቀበር የሚፈልግ ሰው ብልቃጦቹ እዚያው ቀልጠው ቢበላሹለት ደስ ይለዋል። ዶክተር፣ እርስዎ መስኮት ላይ ያቆዩት ሥጋ ነው፤ ቢቀልጥ ይጠቅምዎታል። አንተም ስሌትህ የሚፈርስበት ማስረጃ ነው፤ ቢቀልጥ ይጠቅምሃል። ታዲያ ገዳዩ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠብቆ፣ አየሩን መልሶ፣ ሬሳ ተራምዶ ገብቶ እያንዳንዱን ብልቃጥ በየቀዳዳው ለምን መለሰ?»

ከመደርደሪያው ጫፍ አንዲት ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወረደች።

«ይቀልጣሉ» አለች እትዬ በረዶ።

«ሦስተኛው ነገር—»

«ይቀልጣሉ እኮ! ስለ ፈጣሪ! ሰው አይደሉም እንዴ!» ብድግ ብላ መደርደሪያውን በፕላስተር በተጠቀለሉ ጣቶቿ አፈፍ አደረገችና ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ውሃ ነው እትዬ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «እውነተኞቹ ታንኩ ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው ነገር ይህ ነው። የብርድ ጓንቱ አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ አንዱ የሟቹ እጅ ላይ፣ ሌላው ደረታቸው ሥር ነበር። ብልቃጦቹን የመለሰው ሰው በባዶ እጁ ነው የመለሰው። በረዶም እንደ እሳት ያቃጥላል። ዶክተሩ እጃቸውን ፊት ለፊቴ ታጥበዋል፤ ጣታቸው ደህና ነው። ተንታኙም ጥፍሩን ከመብላት ሌላ ጉዳት የለበትም። እርስዎ ግን ብርጭቆ መያዝ አቅቶዎታል።»

እትዬ በረዶ መደርደሪያውን መልሳ አስቀመጠች። ልትክድ እንኳ አልሞከረችም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ስትል ልብሷ ብቻ የተቀመጠ መሰለ።

«የመጀመሪያው ዓመት ላይ ፕሮፌሰር ‹ከሃያ ደቂቃ በላይ የቆየ ናሙና ይጣል› አሉኝ» አለች። «አንድ ቀን ጣልኩ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው አካሉን ተቆርጦ፣ ‹ለሌላው ይጥቀም› ብሎ የሰጠውን እንዴት ቆሻሻ ውስጥ ልጨምር? ከዚያ በኋላ አልጣልኩም። ፎርሙ ላይ ሁሉንም ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ እያልኩ ሞላሁ። ግን ብልቃጡ ሥር በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደርግበታለሁ፤ የቆየ መሆኑን እኔ እንዳውቀው። ያኔ እኮ ጥናት ብቻ ነበር! ሰው ይቆረጥበታል ብሎ ማን አሰበ? መቁረጡ ሲጀመር ደግሞ አፌ ተያዘ። ዛሬ ነጥቦቹን አዩዋቸው። ‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ነጥብ ያለባቸውን ደግሞ ዛሬውኑ ትጥያቸዋለሽ› አሉኝ። እኔ… አንድ ቀን ብቻ ዝም እንዲሉልኝ ነበር የፈለግኩት። መክፈቻውን አዞርኩና ማብሪያውን አጠፋሁት። ከዚያ ሲወድቁ ሰማሁ። በሩን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም።»

ቀዶ ሐኪሙ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ወዳሉት መዝገቦች መለሰ። ፊርማው ትዝ ያለው ይመስላል።

መርማሪዋ ማስታወሻዋን አጠፈች። ከዚህ በኋላ የምትጠይቀው ጥያቄ የመርማሪ ሳይሆን የእህት ነበር።

«ሁለት መቶ አርባ ሰባት ቁጥር።»

«ቆዳ አቅላሚው» አለች እትዬ በረዶ ቀና ሳትል። «ጥፍራቸው ጥቁር። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው የቆየው። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ነበረ።»

«ዶክተር!»

ቀዶ ሐኪሙ ስልኩን እያወጣ ነው። «የነገው ይሰረዝ» አለ በስልኩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፤ ትዕቢቱ እንደ ልብስ ወልቋል። «ካንሰሩ የለም ማለት አይደለም። ግን ቸኩሎ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም። እንደገና በወጉ እንመረምረዋለን። ፊኛው ላይወጣ ይችላል።»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። እግዜር ይስጥልኝ ብላ መጮህ ፈለገች። ወደ አራተኛ ፎቅ መሮጥ፣ «ጋሼ፣ ተረፍክ!» ማለት ፈለገች።

«ከሱ በፊት የተቆረጡትስ?» አለ ተንታኙ። ድምፁ በቅጡ አይሰማም። «የእርሳስ ነጥብ ኖሮባቸው ፊኛቸው የወጣው?»

«አሥራ አንድ» አለች እትዬ በረዶ። «አሥራ አንዱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ።»

ያን ጊዜ በሩ ጋ ያለ ሰው ተንቀሳቀሰ። ዘበኛው እጃቸውን ከካፖርታቸው ሥር አውጥተው አንዲት የተጣጠፈች ካርድ ይዘዋል። ሰው ሁሉ እዚያ መኖራቸውን ረስቷቸው ነበር።

«የእኔስ?» አሉ። «መቶ ዘጠኝ ቁጥር ነኝ። ካርዴ ላይ አለ።»

እትዬ በረዶ ቀና ብላ አየቻቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በር የከፈቱላት ሰው ናቸው።

«ንገሪኝ እንጂ እትዬ። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

«ነጥብ አለበት» አለች።

ዘበኛው ካርዳቸውን ቀስ ብለው መልሰው አጣጠፉት፤ ኪሳቸውን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ሳቱት። መርማሪዋ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፣ እሳቸው ግን አላዩዋትም። መርማሪዋ የጠራቻቸው ሁለት ፖሊሶች እትዬ በረዶን ግራና ቀኝ ይዘው ሲያስወጧት ዘበኛው ወደ ብረቱ በር ቀደሟቸውና እንደ ወትሮው ከፈቱላት።

«ቀስ ብለሽ» አሏት፣ ጎናቸውን ደግፈው። «ደረጃው ያዳልጣል።»